አፕግሬዱ መሀል ላይ ሲቆም፦ ኡቡንቱን ፎርማት ሳያደርጉ ማዳን

ኡቡንቱ (ከሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች አንዱ) ወደ አዲስ እትም አፕግሬድ እየተደረገ መብራት ከጠፋ ወይም የሞባይል ዳታው መሀል ላይ ካለቀ፣ ለብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት «ፎርማት እናድርገው» የሚለው ነው። ቆዩ። አብዛኛውን ጊዜ ሲስተሙ አልሞተም፤ ሥራው ግማሽ ላይ ቀርቶ ነው፣ የቀረውን ማስጨረስ ደግሞ ይቻላል። ዋናው ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ የዲስክ ቦታ፣ ቀጥሎ ፓኬጆቹ (ሲስተሙ የተሠራባቸው የፕሮግራም ጥቅሎች)፣ ሰርቪሶቹ (ከጀርባ የሚሠሩት ፕሮግራሞች) መጨረሻ። ሰው ሲለፋ የሚውለው ይህን ገልብጦ፣ ፓኬጁ ገና ተጭኖ ሳያልቅ ሰርቪሱን ሪስታርት እያደረገ ነው።

ትእዛዞቹን እዚህ የጻፍኳቸው በአጠራራቸው ነው፤ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ በላቲን ፊደል አስገቧቸው። አብዛኞቹ ከፊታቸው ሱዶ (የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚሰጥ ቃል) ይፈልጋሉ። ምሳሌዬ ከ22.04 ወደ 24.04 የሚደረገው አፕግሬድ ነው፣ ኡቡንቱ የተመሠረተበት ዴቢያን ላይም ብዙው ያው ነው።

ስክሪኑ ጠቁሮ ከቀረ ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኤፍ3ን አንድ ላይ ተጫኑ። ብዙ ጊዜ የወደቀው ዴስክቶፑ ብቻ ስለሆነ በጽሑፍ መግባት ትችላላችሁ። ካልሆነ ማሽኑ ሲነሳ ሺፍት ወይም ኢስኬፕ ተጫኑ፣ የግራብ (ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ዝርዝር ሲመጣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ግቡና የቀድሞውን ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) ምረጡ። በሪከቨሪ ሞድ ከገባችሁ ዲስኩ ለንባብ ብቻ ሊከፈት ስለሚችል መጀመሪያ «ማውንት -ኦ ሪማውንት,አርደብሊው /» በሉ።

አሁን «ዲኤፍ -ኤች» ብላችሁ ቦታ እዩ። ቡት የሚባለው፣ ከርነሎቹ ያሉበት የዲስክ ክፍል ለብቻው ተከፍሎ ከሆነ (ዲስኩን ኢንክሪፕት አድርጋችሁ ከጫናችሁ ተከፍሏል) በአሮጌ ከርነሎች ይሞላል፣ እሱ ሲሞላ ደግሞ ሌላው ሁሉ ይቆማል። የሚመከረው «አፕት አውቶሪሙቭ --ፐርጅ» ነው፣ ግን ፓኬጆቹ ግማሽ ላይ ከቀሩ አፕት (ፓኬጅ የሚጭነውና የሚያነሳው ፕሮግራም) እሱንም እምቢ ይላል። ያኔ «ዩኔም -አር» ብላችሁ አሁን የምትሠሩበትን ከርነል ቁጥር እዩ፣ ከዚያ የሌላ አሮጌ ከርነል ኢኒትአርዲ ፋይል (ከርነሉ ሲነሳ የሚጠቀምበትን) ከቡት አውጥታችሁ ሌላ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት። አታጥፉት፣ አዛውሩት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቦታ ለማስለቀቅ ብላችሁ «አፕት ክሊን» አትበሉ። እስካሁን የወረዱት ፓኬጆች በሙሉ /ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ክሊን ግን ጠራርጎ ያጠፋቸዋል፤ በሞባይል ዳታ ያወረዳችሁትን እንደገና ልትከፍሉበት ነው ማለት ነው። ዋናው ዲስክ ከሞላ ይልቅ የድሮ ሎጎችን ቀንሱ፦ «ጆርናልሲቲኤል --ቫኪዩም-ሳይዝ=200ኤም»።

ቀጥሎ ፓኬጆቹ። «ሎክ-ፍሮንትኤንድ»ን መያዝ አልተቻለም የሚል መልእክት ከመጣ፣ የሎክ ፋይሉን ሰርዙ የሚሉ ምክሮችን አትስሙ። ሎኩ ያለው ሁለት ፕሮግራም ባንድ ጊዜ የፓኬጅ መዝገቡን እንዳይጽፍበት ነው፤ ሰርዛችሁ ከገባችሁ ትንሹን ችግር ትልቅ ታደርጉታላችሁ። መልእክቱ ራሱ የትኛው ፕሮሰስ እንደያዘው ከነቁጥሩ ይነግራችኋል። ብዙ ጊዜ ከጀርባ የሚሠራው አውቶማቲክ አፕዴት ነው፣ እስኪጨርስ ጠብቁት።

ሎኩ ሲለቀቅ «ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»። ይህ የተፈቱትን ግን ማዋቀራቸው ያላለቀውን ፓኬጆች ከቆሙበት ያስቀጥላል። ሲያልቅ «አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል»። ከዚያ /ኢቲሲ/አፕት ውስጥ ያሉትን የምንጭ ፋይሎች (ፓኬጆቹ ከየት እንደሚወርዱ የሚናገሩትን) ክፈቱ፤ የ24.04 መጠሪያ «ኖብል»፣ የ22.04 «ጃሚ» ነው። የኡቡንቱ ምንጮች ሁሉም ኖብል ከሆኑ «አፕት አፕዴት» ቀጥሎ «አፕት ፉል-አፕግሬድ» ብላችሁ ጨርሱት። ሁለቱ ተቀላቅለው ካያችሁ መጀመሪያ ሁሉንም ኖብል አድርጓቸው፣ አለዚያ የፓኬጆቹ ጥልፍልፍ ማለቂያ የለውም።

እነዚህ ሲወድቁ የምታዩት የመጨረሻ መስመር «ሰብ-ፕሮሰስ ዲፒኬጂ ስህተት መለሰ» የሚል ዓይነት ነው። እሱ ምንም አይነግራችሁም፣ ኮፒ አድርጋችሁ ብትፈልጉትም ሺህ ዓይነት የማይገናኝ መልስ ነው የምታገኙት። ወደ ላይ ውጡና ፓኬጅ በስሙ የተጠራበትን የመጀመሪያውን የስህተት መስመር ፈልጉ፣ ምክንያቱም ከሱ በታች ያሉት ሃያም ይሁኑ ሠላሳ ስህተቶች አብዛኞቹ እሱን ተከትለው የወደቁ ናቸው። ስክሪኑ ካለፋችሁ /ቫር/ሎግ/አፕት/ተርም.ሎግ ውስጥ ሁሉም ተጽፏል። እርዳታ የምትጠይቁም ከሆነ የምትለጥፉት ይህን መስመር ነው።

በመሀል የኮንፊግ (የቅንብር) ፋይሉን ልተካው ወይስ የነበረውን ልተው ብሎ ሊጠይቃችሁ ይችላል። «ዲ» ስትጫኑ ልዩነቱን ያሳያችኋል። በእጃችሁ ያስተካከላችሁት ፋይል ከሆነ «ኤን» በሉ፤ አዲሱ መጨረሻው ላይ «.ዲፒኬጂ-ዲስት» ተጨምሮበት አጠገቡ ይቀመጣል፣ ተረጋግታችሁ ታነጻጽሩታላችሁ።

ፓኬጆቹ ካለቁ በኋላ ነው ሪስታርት አድርጋችሁ «ሲስተምሲቲኤል --ፌይልድ» የምትሉት። የወደቁትን ይዘረዝራል። አንዱን ያዙና «ጆርናልሲቲኤል -ቢ -ዩ» ከሰርቪሱ ስም ጋር። «ሲስተምሲቲኤል ስታተስ» የሚያሳየው የመጨረሻዎቹን ጥቂት መስመሮች ብቻ ስለሆነ ዋናው ምክንያት ብዙ ጊዜ እዚያ የለም። የስህተት ቁጥሩንም እዩ። 203 ከሆነ የሚነሳው ፕሮግራም በተባለው ቦታ የለም ወይም የማስነሳት ፈቃድ የለውም። 217 የተባለው ዩዘር የለም ማለት ነው፣ 200 ደግሞ ሰርቪሱ የሚሠራበት ፎልደር የለም ማለት ነው። «ቶሎ ቶሎ ተሞከረ» የሚል ዓይነት መልእክት ካያችሁ በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ሞክሮ ተስፋ ቆርጧል፤ ምክንያቱን አስተካክሉና «ሲስተምሲቲኤል ሪሴት-ፌይልድ» ብላችሁ እንደገና አስነሱት። ኤንጂንኤክስ (የዌብ ሰርቨር) ከሆነ ከማስነሳታችሁ በፊት «ኤንጂንኤክስ -ቲ»፣ ኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያው) ከሆነ «ኤስኤስኤችዲ -ቲ»፤ የኮንፊግ ስህተት ካለ ፋይሉንና መስመሩን ይጠቁሟችኋል።

በዚህ አፕግሬድ ላይ ደጋግመው የሚመጡት ጥቂት ናቸው። ዌብሳይቱ የ502 ስህተት ካሳየ ብዙ ጊዜ ፒኤችፒ (ዌብሳይቱ የተጻፈበት ቋንቋ) ከ8.1 ወደ 8.3 ስላለፈ ነው፣ ኤንጂንኤክስ ግን አሁንም የድሮውን የ8.1 ሶኬት ፋይል (ሁለቱ የሚገናኙበትን) እየፈለገ ነው። ኮንፊጉ ላይ ቁጥሩን ቀይሩ፣ የ8.3 ኤክስቴንሽኖችም መጫናቸውን እዩ። ፓይተን ደግሞ ከ3.10 ወደ 3.12 ይሄዳል፤ የድሮው ቨርችዋል ኢንቫይሮመንት (ለአንድ ፕሮጀክት ተለይቶ የተሠራ የፓይተን ፎልደር) ፓኬጆቹን በ3.10 ፎልደር ውስጥ ስላስቀመጠ አዲሱ አያያቸውም፣ «ሞጁል አልተገኘም» እያለ ሰርቪሱ ይወድቃል። ለመጠገን አትድከሙ፣ አጥፍታችሁ ከሪኳየርመንትስ ፋይሉ (የፓኬጆቹ ዝርዝር ካለበት) እንደገና ሥሩት። የኤስኤስኤች ፖርት መቀየርም አለ፦ 24.04 ላይ ፖርቱን የሚይዘው ኤስኤስኤች.ሶኬት ነው፣ ስለዚህ ኮንፊጉን ከቀየራችሁ በኋላ «ሲስተምሲቲኤል ዴመን-ሪሎድ» በሉና ሶኬቱን ሪስታርት አድርጉ። ሩቅ ያለ ሰርቨር ከሆነ ያላችሁበትን መስመር ሳትዘጉ በሌላ ተርሚናል ገብታችሁ ሞክሩ።

በጣም መጠንቀቅ ያለባችሁ ፖስትግሬስ (ዳታቤዙ) ላይ ነው። 22.04 የሚመጣው ከ14 ጋር፣ 24.04 ከ16 ጋር ነው። አፕግሬዱ ዳታችሁን በራሱ አያሻግርም፤ ከጎኑ ባዶ የ16 ክላስተር (የራሱ ዳታና ፖርት ያለው የፖስትግሬስ ክፍል) ይፈጥራል፣ ብዙ ጊዜ 5433 ፖርት ላይ። መጨረሻ ላይ «ጊዜ ያለፈባቸውን ፓኬጆች ላስወግድ?» ሲላችሁ እምቢ በሉ፣ 14 ከሌለ ማሻገሪያው አይሠራም። «ፒጂ_ኤልኤስክላስተርስ» ብላችሁ ሁለቱንም እዩ። «ፒጂ_ደምፕኦል» (ዳታውን ሁሉ ወደ ፋይል የሚገለብጥ) አድርጋችሁ ፋይሉን ከማሽኑ ውጭ አውጡ። 16ቱ እውነትም ባዶ መሆኑን ገብታችሁ ካያችሁ በኋላ «ፒጂ_ድሮፕክላስተር --ስቶፕ 16 ሜይን»፣ ከዚያ «ፒጂ_አፕግሬድክላስተር 14 ሜይን»። ሲጨርስ 16 የድሮውን ፖርት ይወርሳል፣ አፕሊኬሽኑ ላይ የምትቀይሩት ነገር አይኖርም። የ14ቱን ክላስተር የምታጠፉት አፕሊኬሽኑ በ16 ላይ በደንብ ሲሠራ ካያችሁ በኋላ ነው፤ የደምፕ ፋይሉን ግን ሌላ ዲስክ ላይ አቆዩት።