ሌዘሩ ሳተላይቱን ሲስት፦ ጥፋቱ የማን ነው?

ሳተላይትና የምድር ጣቢያ በሌዘር ሲገናኙ ችግር ከተፈጠረ ሁሉም መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሌዘሩን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሌዘሩ ምንም አልሆነም። ሳጥኑን ከመፍታታችሁ በፊት ቢከኑን፣ ማለትም ከሳተላይቱ የሚመጣውን መሪ ጨረር፣ በካሜራ ተመልከቱ።

ቢከኑም ዳታውም አብረው ጠፉ?
ደመናን ጠርጥሩ። ደመና ከሆነ ኃይል መጨመር ዋጋ የለውም፤ ሰማዩ ጥርት ወዳለበት ጣቢያ መቀየር ነው። ናሳ በ2021 እ.ኤ.አ. ላመጠቀው የሌዘር ማስተላለፊያ ካሊፎርኒያና ሃዋይ ላይ ጣቢያ ያዘጋጀው ያለ ምክንያት አይደለም።

ቢከኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ሳተላይቱ ግን ሌዘራችንን አያገኝም?
ይሄኛው ያሳብዳል። የምታዩት ሳተላይቱ የነበረበትን ቦታ ነው። 500 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሳተላይት በሰከንድ 7.6 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። በአናታችሁ ሲያልፍ ብርሃኑ እናንተ ጋ ደርሶ የእናንተ እዚያ እስኪደርስ 25 ሜትር ገደማ ሄዷል። ጨረራችሁ ደግሞ እዚያ ሲደርስ ስፋቱ ጥቂት ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ 50 ማይክሮራዲያን (የራዲያን ሚሊዮንኛ፣ በጣም ትንሽ የማዕዘን መለኪያ) ያህል አስቀድማችሁ አነጣጥሩ። የመደመርና የመቀነስ ምልክቷንም አረጋግጡ፤ ከተገለበጠች ስህተቱ እጥፍ ይሆናል።

ሲግናሉ በየሚሊሰከንዱ ይዋልላል?
የአየር መናወጥ ነው። ሳተላይቱ ከአድማስ ከፍ እስኪል ጠብቁ።

የኳንተም ቁልፉ፣ ማለትም በነጠላ የብርሃን ቅንጣቶች (ፎቶኖች) የሚላከው የምስጢር ቁልፍ፣ ላይ ስህተት በዛ?
ሳተላይቱ ከማለፉ በፊት ቴሌስኮፑን መንገዱ ላይ አነጣጥሩና ዲቴክተሩ የሚቆጥረውን እዩ። ብዙ ከቆጠረ ጨረቃ ወይም የከተማ መብራት ገብቷል ማለት ነው፤ ጠበብ ያለ ፊልተር ያስፈልጋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የመጠቀው የቻይናው የኳንተም ሳተላይት ሚሲየስም ቁልፍ ይልክ የነበረው በሌሊት ነው። ቆጠራው ደህና ሆኖ ስህተቱ ሳተላይቱ ሲያልፍ ቀስ እያለ ከተለዋወጠ ግን የፖላራይዜሽኑ፣ ማለትም የብርሃኑ ንዝረት፣ አቅጣጫ እየዞረ ነው። ይህን አቅጣጫ የምታስተካክለው ስስ ሳህን (ሃፍ-ዌቭ ፕሌት) በሞተር እየዞረች ትከተለው።

እዚህ ላይ «ሌዘሩን ትንሽ ከፍ እናድርገው» የሚል አይጠፋም። አታድርጉት። በአንድ ምት ብዙ ፎቶን ከወጣ ሰላይ አንዱን ሰርቆ ሌላውን ማሳለፍ ይችላል። መሐል ላይ አምፕሊፋየር ማስገባትም አይሆንም፤ የማይታወቅ የኳንተም ሁኔታ አይቀዳም። ቢቢ84 በሚባለው የተለመደ የኳንተም ቁልፍ አላላክ ስህተቱ ከ11 በመቶ ካለፈ ቁልፉን ጣሉትና የሚቀጥለውን ዙር ጠብቁ።