ተጠቃሚው ለምን ተደናቀፈ? ከምልክት ወደ ምክንያት፣ ከምክንያት ወደ መፍትሄ

ምልክቶቹን ዲጂታል አገልግሎት የሚሠራ ሁሉ ያውቃቸዋል። ሰዎች ምዝገባ ጀምረው ይተዋሉ፤ ያላሰቡትን ቁልፍ ይጫናሉ፤ ፊት ለፊታቸው የተጻፈውን «አላየሁትም» ይላሉ። ይህ ሲሆን በስብሰባ ላይ መጀመሪያ የሚሰማው አስተያየት «ገጹ ተጨናንቋል፤ ቀንሱበት» የሚል ነው። እኔ በዚህ ብዙም አልስማማም። የአእምሮ ጫና የሚለካው ስክሪኑ ላይ በተቀመጠው ነገር ብዛት ሳይሆን ተጠቃሚው በጭንቅላቱ ይዞ እንዲዞር በተገደደው ነገር ነው። ባዶ የሚመስል ንጹህ ገጽ ከባድ ሸክም ሊጭን ይችላል፤ ጢም ብሎ የሞላ ሰንጠረዥ ደግሞ ምንም ላያሸክም ይችላል። ስለዚህ ችግር ባየሁ ቁጥር ቀድሜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ስክሪኑ ሊይዝለት ሲችል ይህ ሰው አሁን በቃሉ የያዘው ምንድን ነው?

መልሱ የሚገኘው አጠገቡ ቁጭ ብሎ በማየት ነው። «ቀላል ነው ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ ሰው ይሉኝታ ስለሚይዘው «አዎ፣ ጥሩ ነው» ይልዎታል። ሥራ ይስጡት፣ እየሠራ የሚያስበውን ጮክ ብሎ እንዲናገር ይጠይቁት፣ ከዚያ ዝም ይበሉ። ዝም ማለቱ ከሁሉም ይከብዳል።

ገጽ ቀይረው ይመለሳሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ

በአንዱ ገጽ የታየ ቁጥር በሚቀጥለው ገጽ ሲጠየቅ የሚታይ ምልክት ነው። አንድ ቅጽ ስንፈትሽ አጠገቤ የተቀመጡ ሰው 12 አሃዝ ያለው የማመልከቻ ቁጥር ታያቸው። ገጹ ሊቀየር መሆኑን ሲያውቁ ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡና ቁጥሩን መዳፋቸው ላይ ጻፉት። ቅር አላላቸውም፤ አላማረሩም፤ መዳፋቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው እያዩ አንድ በአንድ አስገቡት። በመጨረሻም «ጥሩ ነው» አሉኝ። በቁጥር መረጃው ላይ ብቻ ብንተማመን ኖሮ እኚህ ሰው «በተሳካ ሁኔታ ያጠናቀቁ» ተብለው ይመዘገቡ ነበር።

ምክንያቱ ለሥራ የምንጠቀምበት ጊዜያዊ ትውስታ ጠባብ መሆኑ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያው ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባሳተመው ጽሑፍ ልኩን ሰባት፣ ሁለት ቢጨመር ወይም ቢቀነስ፣ አለው። ኔልሰን ኮዋን ደግሞ በ2001 ማስረጃዎቹን መርምሮ ልኩ ወደ አራት እንደሚጠጋ አሳየ። የሚቆጠረው ግን አሃዝ ሳይሆን ትርጉም ያለው ጥቅል ነው። 1፣ 9፣ 5፣ 6 ተብሎ ለሚነበብለት ሰው አራት ነገር ነው፤ የዓመት ቁጥር መሆኑ ለገባው አንድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ቅሬታዬን ላውጣ። የሚለርን ሰባት ይዘው «ሜኑ ከሰባት ምርጫ አይብለጥ» የሚሉ ዲዛይነሮች አሉ። ሜኑ ተዘርግቶ የሚታይ ነገር ነው፤ በቃሉ እንዲይዘው የተጠየቀ ሰው የለም። ይህን ሕግ ለማክበር ሲባል 14 ግልጽ ምርጫዎች በሁለት «ሌሎች» በሚባሉ ሳጥኖች ውስጥ ሲደበቁ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ተጠቃሚው የትኛው የት እንደገባ ማስታወስ አለበት። ሸክሙን እናቃልላለን ብለው አዲስ ሸክም ፈጠሩ።

መፍትሄው ቁጥሩ በሚፈለግበት ቦታ እንዲገኝ ማድረግ ነው። ሲስተሙ የሚያውቀውን ነገር ራሱ ይሙላው። የግድ ሰው የሚያስገባው ከሆነ በሦስት በሦስት ወይም በአራት በአራት አሃዝ ተከፋፍሎ ይታይ፤ መቅዳትና መለጠፍም ይፈቀድ። የይለፍ ቃል መለጠፍን ለደህንነት ብለው የሚከለክሉ ገጾች አሉ፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በ2017 ባወጣው መመሪያ ግን መለጠፍ እንዲፈቀድ፣ የይለፍ ቃልን በየጊዜው ማስቀየርም እንዲቀር መክሯል። የሚወዳደሩ ነገሮችንም እንዲሁ ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። ሦስት የአገልግሎት ዓይነቶች በሦስት ገጾች ከተቀመጡ ተጠቃሚው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውን ረስቶታል።

ቅጹን ጀምረው መሃል ላይ ይተዋሉ

የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆን ስዌለር በ1988 ያቀረበውና በኋላ እየሰፋ የሄደው የአእምሮ ጫና ንድፈ ሐሳብ ሁለት ዓይነት ሸክም ይለያል። አንዱ ከሥራው ከራሱ የሚመጣ ነው፤ የግብር ስሌት በተፈጥሮው ውስብስብ ነው። ሌላው ከአቀራረቡ የሚመጣ ነው፤ ይህ የእኛ የሠሪዎቹ ሥራ ውጤት ነው። ቅጽ ሲተው ጥፋቱን በመጀመሪያው ላይ መለጠፍ ይቀናናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ግን በሁለተኛው ላይ ነው።

አንድ መስክ ብቻ ቀረብ ብለን እንይ። ባዶ ሳጥን አለ፤ በውስጡ በፈዘዘ ቀለም «የአባት ስም» የሚል ተጽፏል። ተጠቃሚው መጻፍ ሲጀምር ጽሑፉ ይጠፋል። ስልክ ይደወልለታል፤ ተነጋግሮ ሲመለስ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ግማሽ ቃል ብቻ ነው። የተጠየቀው የአባት ስም ነበር ወይስ የአያት? ለማወቅ የጻፈውን መሰረዝ አለበት። ዲዛይነሩ የአንድ መስመር ቦታ ቆጠበ፤ የተቆጠበው መስመር ግን የተጠቃሚው ትውስታ ላይ ተጫነ። የመስኩን ስም ከሳጥኑ በላይ፣ ሁልጊዜ በሚታይበት ቦታ ማድረግ ይህን ጨርሶ ያስወግደዋል።

የስህተት መልእክትም ይህንኑ በሽታ ይይዛል። «ያስገቡት መረጃ ትክክል አይደለም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ከገጹ አናት ላይ ይወጣል፤ የተሳሳተው መስክ ግን ከታች ዘጠነኛው ነው። ስዌለርና ፖል ቻንድለር ተነጣጥለው የተቀመጡ ሥዕልና ማብራሪያን ማገጣጠም ራሱ የአእምሮ ጉልበት እንደሚበላ በትምህርት መሣሪያዎች ላይ አሳይተዋል፤ ቅጽ ላይም ያው ነው። ስህተቱ ከተፈጠረበት መስክ አጠገብ ይነገር፤ ምን መደረግ እንዳለበትም ይጻፍ። የተሞላው ሁሉ ሳይጠፋ ይቆይ። ሰው ስልክ ቁጥሩን በክፍተት ከፋፍሎ ስለጻፈ «ስህተት» አይባል፤ ክፍተቱን ማውጣት ለኮምፒውተሩ የአንድ መስመር ኮድ ሥራ ነው። በዚህ ጉዳይ ትዕግሥቴ አጭር ነው።

የማያስፈልግ ጥያቄ ካለ ይውጣ፤ አሁን የማያስፈልገውም ወደሚያስፈልግበት ሰዓት ይዛወር።

ፊት ለፊታቸው ያለውን አያዩትም

«በትልቁ፣ በቀይ ጻፍነው፤ አሁንም አላነበቡትም።» ተጨማሪ ቀለም የሚጠየቀው እዚህ ላይ ነው፤ የሚባክነውም እዚሁ ነው። ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ በ1999 ባሳተሙት ጥናት ተመልካቾች ነጭ ወይም ጥቁር የለበሱ ተጫዋቾች ኳስ ስንት ጊዜ እንደተቀባበሉ እንዲቆጥሩ ተጠይቀው ነበር። በመሃል የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው በጨዋታው መካከል አልፎ ሄደ፤ ከተመልካቾቹ ግማሽ ያህሉ አላዩትም። ዓይናቸው ጤነኛ ነበር፤ ትኩረታቸው ግን ቆጠራ ላይ ነበር። በ1998 ደግሞ ጃን ፓኔሮ ቤንዌይና ዴቪድ ሌን ሰዎች በድረ ገጽ ላይ መረጃ ሲፈልጉ ትልልቅ ያሸበረቁ ሳጥኖችን፣ የሚፈልጉት ነገር እዚያው ውስጥ እያለ፣ እንደሚዘሉ አሳዩ። ማስታወቂያ የመሰለ ነገር በልማድ ይታለፋል።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን ማሳደግ ወደ ማስታወቂያነት ማቅረብ ሊሆን ይችላል። እጅና ዓይን ወደሚሠሩበት ቦታ ማምጣት ይሻላል። ገንዘቡ ከተላከ በኋላ አይመለስም የሚለው ዐረፍተ ነገር ከ«ላክ» ቁልፍ በላይ፣ ከተቀባዩ ስም አጠገብ፣ በተራ ጽሑፍ ቢቀመጥ ከገጹ አናት ላይ ካለ ቀይ ሳጥን ይበልጥ ይነበባል። ቀለም ብቻውን መልእክት ተሸካሚ እንዳይሆንም ይጠንቀቁ፤ ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ብዙ ሰዎች አሉ።

ያላሰቡትን ይጫናሉ

መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ሰውየው ትክክለኛውን አስቦ እጁ ሌላ ላይ አርፏል? ወይስ የተሳሳተውን ትክክል ነው ብሎ አምኖ ነው የተጫነው? መድኃኒታቸው አንድ አይደለም።

ለመጀመሪያው ጥሩ ምሳሌ የሚገኘው ከስልክ ዘመን በፊት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቢ-17 ቦምብ ጣይ አብራሪዎች ካረፉ በኋላ የክንፉን ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ ያለውን ተንቀሳቃሽ ክፍል) እናጥፋ ብለው ጎማውን ያጥፉት ነበር፤ አውሮፕላኑም በሆዱ ይወድቃል። «የአብራሪ ስህተት» ተብሎ ይመዘገባል። የሥነ ልቦና ባለሙያው አልፎንስ ቻፓኒስ ግን ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ጎን ለጎን የተቀመጡና የሚመሳሰሉ መሆናቸውን አየ። ጎማውን በሚያንቀሳቅሰው ላይ ትንሽ የጎማ ቅርጽ፣ በሌላው ላይ የክንፍ ቅርጽ ሲደረግ እጅ በመዳሰስ ብቻ ይለያቸው ጀመር። «አስቀምጥ» እና «አጥፋ» በአንድ መጠን፣ በአንድ ቀለም፣ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያንኑ አውሮፕላን ደግመን መሥራታችን ነው። ይራራቁ፤ ቅርጻቸውም ይለያይ። መጠናቸውም ለጣት ይመጥን፦ ፖል ፊትስ በ1954 እንዳሳየው ዒላማ ሲያንስና ሲርቅ ለመንካት የሚወስደው ጊዜ ይጨምራል። አፕል ለንክኪ ቢያንስ 44 በ44 ነጥብ፣ የአንድሮይድ መመሪያም 48 በ48 ዲፒ (ሁለቱም የስክሪን መለኪያዎች ናቸው) የሚሉት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት የቃላት ጉዳይ ነው። «ቀጠሮዎን መሰረዝ ይፈልጋሉ?» የሚል ሳጥን ይወጣል፤ ከሥሩ ሁለት ቁልፎች አሉ፦ «እሺ» እና «ሰርዝ»። «ሰርዝ» ምንን? ቀጠሮውን ወይስ መሰረዙን? ይህን የሠራው ሰው አማርኛው ላይ አላሰበም፤ የሁሉም ሳጥን ቁልፎች አንድ ዓይነት ስለሆኑ እንዳሉ ወስዷቸዋል። «ቀጠሮው ይሰረዝ» እና «ቀጠሮው ይቆይ» ቢባል ጥያቄውን ሳያነብ ቁልፉን ብቻ ያነበበ ሰውም አይሳሳትም።

«እርግጠኛ ነዎት?» የሚለው ሳጥን ግን ለሁለቱም መድኃኒት አይሆንም። በቀን 20 ጊዜ ሲጠየቅ እጅ ራሱ ይመልሳል። ለጥቂት ሰከንዶች የሚቆይ፣ የተደረገውን ወደ ነበረበት የሚመልስ ቁልፍ፣ ወይም የጠፋው ነገር ለተወሰኑ ቀናት የሚቆይበት ማጠራቀሚያ፣ ከማንኛውም ጥያቄ ይበልጣል።

ሁለት ጊዜ ይጫናሉ፣ ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ

ሰው ተጭኖ ምንም ካላየ አልተጫነም ብሎ ያስባል። የአጠቃቀም ምቹነት ባለሙያው ያዕቆብ ኒልሰን በ1993 ያሰፈረው ልክ ዛሬም ይሠራል፦ እስከ 0.1 ሰከንድ የሚመጣ ምላሽ ወዲያውኑ የመጣ ይመስላል፤ 1 ሰከንድ ላይ መዘግየቱ ይታወቃል፣ ሐሳብ ግን አይቋረጥም፤ ከ10 ሰከንድ በኋላ ትኩረት ወደ ሌላ ይሄዳል። ስለዚህ ቁልፉ በተነካ ቅጽበት መልኩ ይቀየር፣ ዳግም እንዳይነካ ይቆለፍ፣ ከቆየም ምን እየተደረገ እንዳለ ይነገር። ከጀርባ ደግሞ እያንዳንዱ ክፍያ የራሱ ልዩ መለያ ቁጥር ይኑረው፤ ጥያቄው ሁለቴ ቢደርስ ሰርቨሩ አንዴ ብቻ ያስተናግደው። ገንዘብን በቁልፍ ቀለም ብቻ መጠበቅ አይቻልም።

ያልተፈጸመን «ተፈጽሟል» ማለት ግን ከዝምታም ይከፋል። በ1979 በአሜሪካ የስሪ ማይል ደሴት የኒውክሌር ጣቢያ አደጋ ሲደርስ በመቆጣጠሪያው ክፍል አንድ መብራት መጥፋቱ ቫልቩ የተዘጋ መሆኑን የሚያሳይ ይመስል ነበር። መብራቱ የሚያሳየው ግን «ዝጋ» የሚለው ትእዛዝ መተላለፉን ብቻ ነው። ቫልቩ ተከፍቶ ቀርቶ ነበር፤ ሠራተኞቹ ይህን ሳያውቁ ከሁለት ሰዓት በላይ ሠሩ። የእርስዎ ገጽ «ተልኳል» ሲል ምን ማለቱ ነው? ጥያቄው ከስልኩ ወጣ ማለት ነው ወይስ ተቀባዩ ጋ ደረሰ? ሁለት የተለያዩ ቃላት ያስፈልጋሉ።

ካቀለልነው በኋላ ነባሮቹ ያማርራሉ

ስላቫ ካልዩጋና ባልደረቦቹ በ2003 እንደጻፉት ለጀማሪ የሚጠቅም እገዛ ለለመደ ሰው ራሱ ሸክም ይሆናል። በየቀኑ 100 መዝገብ የሚያስገባ ሠራተኛ በአምስት ገጽ የተከፋፈለ ቅጽ ሲሰጠው ይናደዳል፤ ልክም ነው። ደረጃ በደረጃ የሚሄደውን ለአዲሱ ይተዉ፤ ለነባሩ አንድ ገጽ ላይ የተዘረጋ ሰንጠረዥና የኪቦርድ አቋራጭ ይስጡ።

ሁሉም ነገር ገብቷቸው ይሄዳሉ

ይህ ምልክት ከላይ ካሉት ይመሳሰላል፤ ሰዎች ገጹን ከፍተው ይወጣሉ። አንድ የደንበኝነት ገጽ ሦስት ጊዜ ቀይረናል። ጽሑፉን አሳጠርን፣ ምርጫዎቹን ጎን ለጎን አደረግን፣ ቁልፉን አሰፋን። ከፍተው የሚወጡት ሰዎች ቁጥር አልተነቃነቀም። በአራተኛው ዙር አንዲት ሴት ገጹን በግማሽ ደቂቃ አንብባ የሚሰጠውን፣ ዋጋውንና የማቋረጫ መንገዱን አንድ ሳታሳስት ነገረችኝ። ከዚያ ዘጋችው። ለምን እንደዘጋችው ስጠይቃት «ገባኝ እኮ፤ እኔን የሚጠቅም አይደለም» አለች። ማስታወሻዬን ይዤ የሄድኩት ወደ ዲዛይን ክፍሉ ሳይሆን አገልግሎቱ ምን ይስጥ ብለው ወደሚወስኑት ሰዎች ነበር።