የአከርካሪና የነርቭ ጉዳት ይግባኝ፦ ጥያቄው ለምን ውድቅ ሆነ፣ ምን ይስተካከል?

ከመሐል ሜዳ እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከዓለም ከተማ እስከ ደብረ ብርሃን በሕክምና ቦርድ ውሳኔ የተሰናበቱ የቀድሞ ሠራዊት አባላት ብዙ ናቸው። እጁን ወይም እግሩን ያጣ ሰው ጉዳቱ ይታይለታል። አከርካሪው የተመታ ግን ቆሞ ስለሚሄድ ወረቀቱ ካልመሰከረለት ሌላ ምስክር የለውም። ስለዚህ የጉዳት አበል ጥያቄዎ ውድቅ ከሆነ ወይም ዝቅ ብሎ ከተወሰነ፣ ይግባኝ ከመጻፍዎ በፊት የውሳኔ ደብዳቤውን አንብበው የተሰጠውን ምክንያት ያስምሩበት። አቤቱታው መልስ መስጠት ያለበት ለዚያ ምክንያት ነው።

ደብዳቤው «ጉዳቱ በግዳጅ ላይ መድረሱ አልተረጋገጠም» ካለ

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። የመጀመሪያው ክፍተት ነው፤ በጉዳቱ ቀንና በመጀመሪያው የሕክምና ካርድ መካከል ዓመታት ያልፋሉ፣ በመሃሉ ሰውየው አርሷል፣ ተሸክሟል። ቦርዱም «ወገቡ በእርሻ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል» ብሎ ያስባል። ይህን የሚዘጋው በጊዜው የተጻፈ ወረቀት ነው፦ የክፍሉ ጤና ጣቢያ መዝገብ፣ የሪፈር ወረቀት፣ የሆስፒታል መውጫ ማጠቃለያ፣ ቀላል ሥራ እንዲሰጠው የታዘዘበት ደብዳቤ። የቀበሌ ማስረጃ ነዋሪነትንና ማንነትን እንጂ ግንባር ላይ የሆነውን አያረጋግጥም፤ ለእሱ መመላለሱ ድካም ብቻ ነው። አብረው የነበሩ ጓዶች ቃል ቢሰጡ ይጠቅማል፤ ግን ቀኑን፣ ቦታውንና የክፍሉን ስም ካልያዘ ክብደት የለውም።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የአገልግሎት ማስረጃው የካቲት 2010 ይላል፤ የሆስፒታሉ ካርድ ደግሞ በፈረንጅ 2018 ብሎ ጽፏል። አንባቢው ካላስተዋለ የ8 ዓመት ልዩነት ያያል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ መጀመሪያ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። በአንድ ገጽ ላይ እያንዳንዱን ማስረጃ በሁለቱም አቆጣጠር ዘርዝረው ከአቤቱታው ፊት ያያይዙ። የአያት ስም ወይም የፊደል ልዩነት (ኃይሉ፣ ሐይሉ) ካለም ከይግባኙ በፊት አንድ ሰው መሆንዎን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ያውጡ።

ኤምአርአዩ የዲስክ መንሸራተት እያሳየ የጉዳት መቶኛው ዝቅ ካለ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ የውስጥ አካል ምስል) ቅርጽን እንጂ አቅምን አያሳይም፤ ምንም ሕመም የሌለባቸው ሰዎችም ምስሉን ሲነሱ የተንሸራተተ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) ሊታይባቸው ይችላል። ቦርዱ የሚመዝነው የጠፋውን አቅም ስለሆነ «የወገብ ሕመም አለው» የሚል ሰርተፊኬት አያግዝዎትም።

ሐኪሙ አራት ነገር በዝርዝር እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ፦ የጡንቻ ጉልበት ከ0 እስከ 5 ባለው መለኪያ፣ የደነዘዘው ቦታ፣ በመዶሻ የሚፈተነው ሪፍሌክስ (ሲመታ እግር በራሱ የሚፈናጠርበት)፣ እግር ተዘርግቶ ሲነሳ ሕመሙ በስንት ዲግሪ ወደ እግር እንደሚወርድ። እነዚህ ከምስሉ ጋር መገጣጠም አለባቸው። ኤል 4፣ ኤል 5 እና ኤስ 1 ከታችኛው አከርካሪ ወደ እግር የሚወርዱ የነርቭ ሥሮች ስም ናቸው። የኤል 5 ሥር ሲነካ አውራ ጣትንና እግርን ወደ ላይ ማንሳት ይደክማል፤ የእግር የላይኛው ገጽ ይደነዝዛል። ኤስ 1 ሲሆን በጣት መቆም ያቅታል፣ የተረከዝ ሪፍሌክስ ይጠፋል፣ የእግሩ የውጭ ጠርዝ ይደነዝዛል። ኤል 4 ሲሆን የጉልበት ሪፍሌክስ ይቀንሳል። ምስሉ የግራ ኤል 5 እያለ ሰርተፊኬቱ ቀኝ እግር ካለ ይግባኙ በዚያች ቃል ብቻ ይወድቃል፤ ግራና ቀኙን ራስዎ ያመሳክሩ።

ተራ ኤክስሬይ አጥንትን እንጂ ነርቭንና ዲስክን አያሳይም። ሰውነትዎ ውስጥ ፍንጣሪ ካለ ደግሞ ኤምአርአይ ክፍል ከመግባትዎ በፊት ለባለሙያው ይንገሩ። ማግኔቱ ብረቱን ሊያንቀሳቅስ ይችላል፤ በዓይን ወይም በህብለ ሰረሰር አጠገብ ከሆነ አደጋው ከባድ ነው። አስቀድሞ በኤክስሬይ ቦታው ይታይ፤ ኤምአርአይ ካልተቻለ ሲቲ ስካን አማራጭ ነው።

የነርቭ ምርመራው (ኢኤምጂ) «ደህና ነው» ብሎ ከወጣ

ከጉዳቱ በኋላ 3 ሳምንት ሳይሞላ የተሠራ ከሆነ ለውጡ ገና አይታይም፤ ይደገም። የስሜት ነርቭ ብቻ ተጎድቶ ከሆነም ውጤቱ ደህና ሊመስል ይችላል። ሐኪሙ ይህንኑ በጽሑፍ እንዲያብራራ ይጠይቁ።

«ሌላ በሽታ ነው» ከተባለ

ሁለቱም እግር ከጣት ጀምሮ እኩል የሚያቃጥልና የሚደነዝዝ ከሆነ ቦርዱ ስኳርን፣ አልኮልን ወይም የቫይታሚን ቢ 12 እጥረትን ይጠረጥራል። የስኳርና የቢ 12 ውጤት አስቀድመው ያያይዙ።

በእኛ አካባቢ ሌላም አለ፦ ጓያ፣ አብዝተው ሲበሉት እግርን የሚያሽመደምደው ጥራጥሬ። ሞረትና ጅሩን በመሰለ ጥቁር አፈር በሚታረስበት አገር እግሩ የገተረ ሰው ሲቀርብ ጥያቄው መነሳቱ ተገቢ ነው። የጓያ ጉዳት እግርን ያገትራል፣ ሪፍሌክሱን ያጎላል፤ ስሜት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። ህብለ ሰረሰር ሲመታ ደግሞ ከአንድ የሰውነት ደረጃ በታች ስሜት ይቀንሳል፣ የሽንት መቆጣጠርም ሊታወክ ይችላል። የወገብ ነርቭ ሥር ብቻ ሲጎዳ እግሩ ይዝላል እንጂ አይገትርም። ሰርተፊኬቱ የስሜቱን ድንበር («ከእምብርት በታች») ከጻፈ ጥያቄው መልስ ያገኛል።

አበል ጠይቀው ዳረጎት ከተወሰነልዎ

በጡረታ ሕጉ ጉዳቱ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ መሥራት ለሚችል የአንድ ጊዜ የጉዳት ዳረጎት፣ መሥራት ለማይችል የጉዳት ጡረታ አበል ይከፈላል። ስለዚህ ክርክሩን መቶኛው ላይ ብቻ አያድርጉ፤ መሥራት አለመቻልዎን ያስረዱ። ስንት ደቂቃ መቀመጥ፣ መቆም፣ መሄድ እንደሚችሉ፣ ስንት ኪሎ እንደሚያነሱ በሐኪም ይጻፍ።

ስለ አቀራረቡ

ይግባኙ የሚቀርበው ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ነው። ከጉባኤው በኋላ ያለው ሰበር ሰሚ ችሎት የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ብቻ ስለሆነ የሕክምና ማስረጃ ሁሉ ጉባኤው ዘንድ መድረስ አለበት። ደብዳቤው የደረሰዎትን ቀን ጀርባው ላይ ይጻፉ። የይግባኙ ቀን ሊያልፍ ከሆነ ኤምአርአይ ሳይጠብቁ አቤቱታውን ያስገቡና ቀሪው ማስረጃ እንደሚቀርብ ይግለጹ። ዋናውን ለማመሳከር ያሳዩ እንጂ አይልቀቁ፤ ገጾቹን ቁጥር ይስጡ፤ በእርስዎ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም ያስመቱ።

ለምርመራ ሲጠሩ መድኃኒትዎን እንደወትሮው ይውሰዱ፤ ስሙን፣ መጠኑንና የወሰዱበትን ሰዓት ይዘው ይሂዱ። ጉዳቱን አያጋንኑ። ሐኪሙ ተኝተው ያነሱትን እግር ተቀምጠው ሳሉ በሌላ መልክ ይፈትነዋል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ እውነተኛው ድካምም አብሮ ይጠረጠራል። ሽንት እምቢ ካለ ወይም በመቀመጫና በብልት አካባቢ ድንገት ከደነዘዘ ግን የቦርድ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።