ለብርድ ካምፕ ቀላልና ሞቃት ምንጣፍ ሲመረጥ የሚሠሩ ስህተቶች

ብርድ አገር ድንኳን ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ያነጋ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚወቅሰው ስሊፒንግ ባጉን፣ ማለትም የመኝታ ከረጢቱን ነው። ከዚያ ወፍራምና ውድ ሌላ ይገዛል፤ በሚቀጥለው ጉዞም እንደገና ይበርደዋል። ጥፋቱ ያለው ከሥር ነው። ሙቀት የሚይዘው በላባው ወይም በሰው ሠራሹ ሙሌት መካከል የታመቀው አየር ነው። ሰው ሲተኛበት የታችኛው ወገን ይጨፈለቃል፣ አየሩም ይወጣል። ከዚያ በኋላ ጀርባዎንና መሬቱን የሚለያየው ምንጣፉ ብቻ ነው። ስሊፒንግ ባጉ ላይ የታተመው የብርድ መጠን ራሱ የሚለካው ከሥሩ ብርድ የሚከላከል ምንጣፍ ተነጥፎ ነው፤ ስስ ነገር ላይ ተኝተው ያንን ቁጥር አይጠብቁ።

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመውና ብዙ ሰው ሌሊቱን የሚከፍልበት ስህተት ውፍረትን እንደ ሙቀት መቁጠር ነው። 10 ሴንቲሜትር የሚያህል የሚነፋ ፍራሽ ሲታይ ያጓጓል፤ ለወገብም ይመቻል። ግን ውስጡ ባዶ አየር ብቻ ከሆነ ብርድ የመከላከል አቅሙ ከ2 ሴንቲሜትር ስፖንጅ ሊያንስ ይችላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው በተገላበጠ ቁጥር በሰፊው ክፍል ውስጥ ያለው አየር ይናወጣል፣ የሞቀው ከቀዘቀዘው ጋር ይደባለቃል። ከላይኛው ጨርቅ ወደ ታችኛው ደግሞ ሙቀት በጨረር ያልፋል፤ የሚያግደው የለም። ለብርድ የተሠሩት ፍራሾች ውስጣቸው በሰው ሠራሽ ጥጥ ወይም በላባ የተሞላ ነው፤ አለበለዚያም ጨረር የሚመልሱ ስስ ሽፋኖች ክፍሉን ብዙ ቦታ ይከፋፍሉታል። ይህን ከውጭ በዓይን መለየት አይቻልም፤ በእጅ ተጭኖ ማወቅም አይቻልም። ስለዚህ መታየት ያለበት አንድ ነገር ነው፦ አር ቫልዩ የሚባለው ቁጥር።

አር ቫልዩ ምንጣፉ የሙቀትን ማለፍ ምን ያህል እንደሚቃወም ይናገራል፤ ሲበዛ ይሻላል። ከዜሮ በላይ ለሆኑ ቀዝቃዛ ሌሊቶች ከ2 እስከ 4 ይበቃል። ውሃ መርጋት በሚጀምርበት ብርድ 4 ወይም 5 ያስፈልጋል። በረዶ ላይ ወይም ከዜሮ በታች 10 ዲግሪና ከዚያ ለወረደ ብርድ ከ5.5 በታች አይግዙ። ቶሎ የሚበርደው ሰው አንድ ይጨምርበት። ጭማሪው ግን እኩል ዋጋ የለውም፤ ከ1 ወደ 2 መውጣት ወደ መሬት የሚሄደውን ሙቀት በግማሽ ይቀንሳል፣ ከ5 ወደ 6 መውጣት የሚቀንሰው አንድ ስድስተኛውን ብቻ ነው። ቀድሞ 1 ወይም 2 ያለው ሰው ትንሽ ማሻሻያ ብዙ ይለውጥለታል፤ 6 ላለው ሰው ግን ገንዘቡ ለሌላ ነገር ቢውል ይሻላል።

የአሮጌ ምንጣፍ ቁጥር ማመንም ያሳስታል። የጋራው መለኪያ፣ ኤኤስቲኤም ኤፍ 3340፣ የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ይለካ ነበር። ያገለገለ ዕቃ ሲገዙ ቁጥሩ በዚህ መለኪያ የተገኘ መሆኑን ያጣሩ።

ክብደትን ለብቻው ማየት ሌላው ችግር ነው። የአንድ አምራች የቴርማረስትን ሦስት ምንጣፎች በመደበኛ መጠናቸው እናስተያይ። ዜድ ላይት ሶል የተባለው ታጣፊ ስፖንጅ 410 ግራም ይመዝናል፣ አር ቫልዩው 2 ነው። ኒዮኤር ኤክስላይት ኤንኤክስቲ 370 ግራም ሆኖ 4.5 ይሰጣል። ኒዮኤር ኤክስቴርም ኤንኤክስቲ 440 ግራም ሆኖ 7.3 ይሰጣል። በሁለቱ የሚነፉ መካከል ያለው ልዩነት 70 ግራም፣ የአንድ ጥንድ ወፍራም ካልሲ ያህል ነው። እነዚያን 70 ግራም ቆጥቦ በረዶ ላይ መተኛት በጣም መጥፎ ቁጠባ ነው።

ሁለት ምንጣፍ ሲደራረብ አር ቫልዩ ይደመራል። 2 የሆነ ስፖንጅ ከ4.5 ጋር 6.5 ይሆናል። ጥምሩ 780 ግራም ስለሚመዝን ከአንድ ጥሩ የክረምት ምንጣፍ ይከብዳል፤ ግን የሚነፋው ቢበሳ እንኳ የሚተኙበት ነገር አለ። ሰው በሌለበት ቦታ ለብዙ ቀን የሚጓዝ ሰው ይህን ይምረጥ። ስፖንጁ ከሥር ይሁን፤ ከድንጋይና ከእሾህ የሚጠብቀው እሱ ነው። ክብደት ከከበደዎት ስፖንጁን 120 ሴንቲሜትር ላይ ይቁረጡት፤ ከትከሻ እስከ ጉልበት ይበቃል፣ ክብደቱም ወደ 270 ግራም ይወርዳል።

የሚያብረቀርቅ የነፍስ አድን ሽፋን ከምንጣፍ ሥር ማንጠፍ ብዙ ሰው የሚያምንበት ነገር ነው፤ ጥቅሙ ግን ኢምንት ነው። አንጸባራቂ ነገር ጨረር የሚመልሰው ከፊቱ ክፍት የአየር ቦታ ሲኖር ነው። በምንጣፍና በመሬት መካከል ተጨፍልቆ ከተቀመጠ ሙቀቱ በመነካካት ያልፋል።

ስፋትንም አይርሱ። 51 ሴንቲሜትር የተለመደው ነው፤ ትከሻው ሰፊ የሆነ ወይም በጎኑ የሚተኛ ሰው ክንዱ መሬት ላይ ይወድቃል። 64 ሴንቲሜትር ያለው ትንሽ ይከብዳል፤ ሙሉ ሌሊት እጅ ከመቀዝቀዙ ግን ይሻላል።

በአፍ መንፋት የሚነፋ ምንጣፍን ቀስ በቀስ ይጎዳል። ትንፋሽ እርጥበት አለው፤ በብርድ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ይረጋል፣ የላባ ሙሌትን ያጣብቃል፣ ሻጋታም ያመጣል። አየር መሙያ ከረጢት ይዘው ይሂዱ። ሞቅ ያለ አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ስለሚቀንስ ምንጣፉ ከተነፋ ከ20 ደቂቃ በኋላ ይለሰልሳል፤ ያኔ ቀዳዳ አለው ብለው አይደንግጡ፣ ትንሽ አየር ይጨምሩበት። መጠኑን ለመለካት በጎንዎ ተኝተው እጅዎን ከዳሌዎ በታች ያስገቡ፤ ዳሌው መሬት ሳይነካ ትንሽ ቢሰምጥ ልክ ነው። በጣም ከተወጠረ ሰው ይንሸራተትበታል፤ ፀሐይ ላይ ከተተወ ደግሞ ውስጣዊ መያዣዎቹ ሊላቀቁ ይችላሉ።

በረዶ ላይ ዝቅተኛ አር ቫልዩ ያለው ምንጣፍ ሌላ መዘዝ አለው። የሚያልፈው የሰውነት ሙቀት ከሥር ያለውን በረዶ ያቀልጥና ጎድጓዳ ይሠራል፤ ሲረጋም እንደ ድንጋይ ጠንካራ ይሆናል።

ጉዞው ሳይጀመር ምንጣፉን ቤት ውስጥ ነፍተው ክብደት ጭነውበት ያሳድሩት። ጠዋት ላይ ከረገበ የሳሙና ውሃ ቀብተው አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጉ፤ ቫልቩን፣ ማለትም አየር የሚገባበትን አፍ፣ አስቀድመው ያረጋግጡ። ቀዳዳው ሲገኝ በአልኮል ጠርገው ያድርቁት፣ መለጠፊያውንም አጥብቀው ይጫኑት። ማስቲሽ በብርድ ላይ ቶሎ ስለማይደርቅ ሜዳ ላይ ራሱ የሚጣበቅ መለጠፊያ ይጠቅማል። በቫልቩ በኩል ራሱ አየር የሚስብ ዓይነት ከሆነ ቤት ውስጥ ሳይጠቀለል፣ ቫልቩ ተከፍቶ፣ ተዘርግቶ ይቀመጥ፤ ተጠቅልሎ ለወራት ከቆየ ውስጡ ያለው ስፖንጅ ተጨፍልቆ ይቀራል፣ የሚገዛበት ሙቀትም አብሮ ይጠፋል።