«አፊኒቲ»ን ወደ አማርኛ እንዴት እንመልሰው?

ትርጉም የጀመርኩ ሰሞን የእንግሊዝኛውን ቃል «አፊኒቲ» (affinity) ፍለጋ መዝገበ ቃላት ከፍቼ «አፊኒቲ፦ ዝምድና» የሚል አገኘሁና ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ቃሉ በኬሚስትሪ መጽሐፍ፣ በጠበቃ ማመልከቻና በፕሮጀክት ሰነድ ውስጥ ገጥሞኛል። ሦስቱንም ቦታ «ዝምድና» ብዬ ሞክሬያለሁ፤ የሠራልኝ በአንዱ ብቻ ነው፣ እሱም በግማሽ።

መጀመሪያ ገጹን በሙሉ ያንብቡና የተቀራረቡት እነማን እንደሆኑ ይለዩ፤ ሰዎች፣ ቅንጣቶች ወይስ ሐሳቦች? የቃሉ ሥር ላቲን ሲሆን ድንበር መጋራትን ያመለክታል። ገበሬ ኩታ ገጠም የሚለው ዓይነት ነው፤ ማሳዎቹ ይነካካሉ እንጂ አንድ አይደሉም።

ሰዎች ከሆኑ ይጠንቀቁ፤ እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። በሕግ እንግሊዝኛ አፊኒቲ በጋብቻ የመጣ ዝምድና ብቻ ነው፤ ለደም ሌላ ቃል አላቸው። የእኛ «ዝምድና» ግን ሁለቱንም ጠቅልሎ ይይዛል። አንድ ደንበኛ ያመጣልኝን የምስክርነት ቃል ስተረጉም «የአመልካቹ ዘመድ ነው» ብዬ አለፍኩ። አንባቢው የሥጋ ዘመድ አድርጎ ተረዳው፣ ከሌላው ማስረጃ ጋር ተጋጨ፣ ወረቀቱ ተመለሰ። ደንበኛዬ ቀጠሮው አለፈበት፤ እኔም በነፃ ደግሜ ጻፍኩለት።

መፍትሔው አጠገባችን ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ «የሥጋ ዝምድና»ን ከ«የጋብቻ ዝምድና» ለይቶ ያስቀምጣል። ወንድ የሚስቱን እህት፣ ሴትም የባሏን ወንድም እንዳያገቡ የሚከለክለው በጋብቻ ዝምድና ነው። ቅጽሉን ከጣሉት ክልከላው ትርጉም ያጣል፤ የሚስት እህት ለባል በደም ምኑም አይደለችምና። ጥርጣሬ ሲገባኝ «ሠርጉ ባይኖር ይህ ዝምድና ይኖር ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ «አይኖርም» ከሆነ የጋብቻ ነው።

በተጨማሪም ዝምድናውን በስሙ ይጥሩት፦ አማት፣ ምራት፣ አማች። እንግሊዝኛው የሚስትን ወንድምና የእህትን ባል በአንድ ቃል ስለሚጠራ ባለጉዳዩን ሳይጠይቁ አይገምቱ።

ሳይንስ ከሆነ «ዝምድና»ን ይተዉት። የኤሌክትሮን አፊኒቲ ማለት በጋዝ መልክ ያለ አቶም አንድ ኤሌክትሮን ሲቀበል የሚለቀቀው የኃይል መጠን ነው። ከንጥረ ነገሮች ሁሉ ከፍተኛው የክሎሪን ሲሆን በሞል ወደ 349 ኪሎጁል ይደርሳል። እኔ «ኤሌክትሮን የመቀበል ዝንባሌ» እላለሁ፤ ቁጥር ከተከተለው «መጠን» የሚለውን እጨምራለሁ። «የኤሌክትሮን ፍቅር» ብሎ የጻፈ ባልደረባ ነበረኝ። ያምራል፤ ግን ፍቅር በኪሎጁል አይለካም።

በሕክምና ጽሑፍ ደግሞ «አጥብቆ የመያዝ አቅም» ይሻላል። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን፣ ከሰል ሲነድ የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ የሚይዘው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል የሚገድለውም ለዚህ ነው። ይህን «ሄሞግሎቢን ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር ዝምድና አለው» ብለው ቢጽፉት አንባቢው መስኮት ለመክፈት አይነሣም።

የቀረው የፕሮጀክት እቅድ ነው። ጃፓናዊው የሰው ልጅ ጥናት ባለሙያ ጂሮ ካዋኪታ በስሙ መነሻ ፊደላት የሚጠራ ዘዴ አለው፦ ሐሳቦችን በየብጣሽ ወረቀቱ ይጽፋሉ፣ የሚቀራረቡትን አንድ ላይ ያስቀምጣሉ፣ ለየክምሩ ስም የሚያወጡት ከዚያ በኋላ ነው። ከዚህ ጋር ተቀራራቢ የሆነውን የአፊኒቲ ሥዕል «ሐሳቦችን በቅርርባቸው መመደብ» ይበሉት፤ ረዘም ቢልም ሥራውን ይናገራል። የኮምፒውተር ተርጓሚ የሚሰጥዎትን «የዝምድና ሥዕላዊ መግለጫ» ሳያጣሩ አይውሰዱ። ርእሱን ስለ እቅድ ለማያውቅ ሰው ያንብቡለት፤ «የማን ቤተሰብ ነው?» ብሎ ከጠየቀዎት ይቀይሩት።