የዶሜይን እድሳት ከተወደደባችሁ
ድሬ ላይ፣ ከዚራም ሆነ ሳቢያን፣ ለሱቃችሁ ድረ ገጽ ዶት ኮም ስም (ዶሜይን) የያዛችሁ፦ የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ማባበያ ነው፣ ጉዱ እድሳቱ ላይ ነው። ሲወደድባችሁ እዚያው አትክፈሉ። ከድሮው መዝጋቢ (ስሙን ከሸጠላችሁ ድርጅት) የማዛወሪያ ኮድ ተቀብላችሁ እድሳቱ ወደሚረክስበት መዝጋቢ ውሰዱት። ለማዛወሪያ የምትከፍሉት አንድ ዓመት ይጨምርላችኋል፣ የቀራችሁ ጊዜም አይቃጠልም። መዝጋቢዎቹ ራሳቸው ለአንድ ዶት ኮም ስም በዓመት የሚከፍሉት የጅምላ ዋጋ ለሁሉም እኩል ነው፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ዓ.ም 10.26 ዶላር ገብቷል። ከዚያ በላይ የሚጠየቀው በአብዛኛው የመዝጋቢው ትርፍ ነው። ክፍያው በዶላር ስለሆነ (የብሩን ነገር ታውቁታላችሁ) አቅሙ ያለው የሁለት ሦስት ዓመቱን ባንዴ ቢከፍል ይሻለዋል፤ እስከ 10 ዓመት ይቻላል። ከተመዘገበ 60 ቀን ያልሞላውን ግን ለማዛወር አትድከሙ። ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረውም አትጀምሩ፣ ዝውውሩ አምስት ቀን ያህል ሊፈጅ ይችላል።