ቅርጹን የማይለቅ የውጭ ኪስ፦ ለጀርባ ቦርሳ ሠሪዎች የቅድና የስፌት መመሪያ

የጀርባ ቦርሳ የውጭ ኪስ ቅርጹን የሚያጣው በሁለት ተቃራኒ ሁኔታዎች ነው፤ ባዶ ሲሆን አፉ ተከፍቶ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ሲሞላ ደግሞ መሐሉ አብጦ ጎኖቹ ይሸበሸባሉ። ብዙ ቦርሳ ሠሪዎች ይህን ሲያዩ መጀመሪያ የሚያስቡት ወፍራም ጨርቅ መምረጥን ወይም ስፖንጅ መጨመርን ነው። ነገር ግን ስፖንጅም ሆነ ወፍራም ጨርቅ ያለውን ቅርጽ ያጸናል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። የኪስ ቅርጽ የሚወሰነው ጨርቁ ሲቀደድ በመሆኑ፣ ከዚህ በታች ሰፊውን ቦታ የሚይዘው ልኬትና ቅድ ነው።

ለመሥራት የሚቀለው የውጭ ኪስ ጠርዙ ታጥፎ በቦርሳው ፊት ላይ በቀጥታ የሚሰፋው ልጥፍ ኪስ ነው። ይህ ኪስ የራሱ የሆነ ቦታ የለውም። የኪሱ ጨርቅና ከኋላው ያለው የቦርሳ ጨርቅ እኩል ስፋት ስላላቸው፣ የሚገባው ዕቃ ቦታ የሚያገኘው ወይ የቦርሳውን ዋና ክፍል ወደ ውስጥ በመግፋት፣ ወይ የኪሱን ጎኖች ወደ መሐል በመሳብ ነው። ቦርሳው ባዶ ሳለ በቀላሉ የገባ መጽሐፍ ቦርሳው ሲሞላ አልገባም የሚለውም በዚህ ምክንያት ነው። ለወረቀትና ለካርታ ልጥፍ ኪስ ይበቃል። ከሁለት ሴንቲሜትር በላይ ውፍረት ላለው ዕቃ ግን ኪሱ ግድግዳ ያስፈልገዋል፤ ግድግዳ ስንል የኪሱን ፊት ከቦርሳው ጨርቅ የሚያርቀውን፣ ሁለቱን ጎኖችና ታችኛውን ጠርዝ ተከትሎ የሚዞረውን ረጅም ቁራጭ ማለታችን ነው።

የግድግዳው ርዝመት መለካት ያለበት በስፌቱ መስመር ላይ እንጂ በተቆረጠው ጠርዝ ላይ አይደለም። ይህ ጥቃቅን ቢመስልም አብዛኛው መሸብሸብ የሚመጣው ከዚህ ነው። ለምሳሌ ከላይ የሚከፈት፣ በስፌት መስመሩ 24 ሴንቲሜትር ስፋትና 20 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው፣ የታችኞቹ ሁለት ጥጎቹ በ4 ሴንቲሜትር ሬዲየስ የተጠማዘዙ ኪስ እንውሰድ። ሁለቱ ጎኖችና ታችኛው ጠርዝ ሲደመሩ 64 ሴንቲሜትር ይሆናሉ። እያንዳንዱ ጥግ በኩርባ ሲተካ ከሁለት ወገን አራት አራት፣ በድምሩ 8 ሴንቲሜትር ቀጥ ያለ መስመር ይቀንሳል፤ በምትኩ የክብ ሩብ የሆነ 6.28 ሴንቲሜትር ይጨምራል። ስለዚህ የግድግዳው ርዝመት ወደ 60.6 ሴንቲሜትር ይሆናል። ይኸው ልኬት አንድ ሴንቲሜትር የስፌት ትርፍ (ከስፌቱ መስመር እስከ ተቆረጠው ጠርዝ ያለው ጨርቅ) ባለው ጠርዝ ላይ ቢወሰድ ኖሮ ወደ 63.7 ሴንቲሜትር ይደርስ ነበር። ትርፍ የሆነው ሦስት ሴንቲሜትር መሄጃ ስለሌለው በሁለቱ ጥጎች ላይ ተሸብሽቦ ይቀራል፤ ምንም ዓይነት ስፖንጅም አያስተካክለውም። በተገኘው ርዝመት ላይ ለአፉ ማጠፊያ ከሁለቱ ጫፎች ሦስት ሦስት ሴንቲሜትር ይጨምሩ።

ጥጉን ከ3 ሴንቲሜትር ባነሰ ሬዲየስ ማጠማዘዝ አይመከርም። ጠበብ ያለ ጥግ በወረቀት ላይ ቢያምርም፣ ወፍራም ጨርቅ በመርፌው ሥር እንደልብ ስለማይዞር የሚያልቀው በጠማማ ስፌት ነው።

ግድግዳው ሲሰፋ በኩርባው ላይ እንዲዘረጋ የስፌት ትርፉ በየ8 ሚሊሜትሩ በመቀስ መሰንጠቅ አለበት፤ ስንጥቆቹ ከስፌቱ መስመር ሁለት ሚሊሜትር ያህል ሲቀራቸው ያቁሙ። የፊቱንና የግድግዳውን መሐል፣ እንዲሁም የእያንዳንዱን ኩርባ መጀመሪያና መጨረሻ በሳሙና ወይም በጠመኔ ምልክት ካደረጉ በኋላ፣ ከአንዱ አፍ ተነሥቶ እስከ ሌላው አፍ በአንድ ጊዜ ከመስፋት ይልቅ ከታችኛው መሐል ጀምረው አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ይስፉ። ማሽኑ የታችኛውን ጨርቅ ከላይኛው ትንሽ ፈጠን አድርጎ ስለሚስብ፣ በአንድ አቅጣጫ የተሰፋ ኪስ ምንጊዜም ወደ አንድ ወገን ይጣመማል። የተሰነጠቀው ግድግዳ ከላይ ሆኖ ቢሰፋ ደግሞ ስንጥቆቹ እንዴት እንደሚከፈቱ እየታየ ስለሚሠራ ይቀላል።

የግድግዳው ስፋት ከላይ እስከ ታች እኩል መሆን የለበትም። ከታች 5 ሴንቲሜትር ሆኖ በጎኖቹ በኩል ወደ አፉ ሲወጣ እየጠበበ 2.5 ሴንቲሜትር ላይ የሚያልቅ ግድግዳ ሁለት ጥቅም አለው፤ ከባዱ ዕቃ ታች ይቀመጣል፣ አፉም ወደ ቦርሳው ስለሚያጋድል ባዶ ሲሆን አይከፈትም። መጥበቡ የሚያስከትለው የርዝመት ልዩነት በእያንዳንዱ ጎን ከ2 ሚሊሜትር ስለማይበልጥ ጨርቁ በራሱ ይውጠዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ኪሱ የተሰፋበት የቦርሳ ፊት ራሱ ቦርሳው ሲሞላ ወደ ውጭ ይጎብጣል። ይህ የኪሱ መሠረት ሲጎብጥ የኪሱ ፊት ይበልጥ ሰፊ በሆነ ቅስት ላይ መዘርጋት ይኖርበታል፤ ተጨማሪው ርዝመት የግድግዳው ጥልቀት በጉብጠቱ ማዕዘን ሲባዛ የሚገኘው ነው። መሠረቱ በ30 ዲግሪ ያህል ቢጎብጥና ግድግዳው 5 ሴንቲሜትር ጥልቀት ቢኖረው፣ ፊቱ 2.6 ሴንቲሜትር ያህል ያጥረዋል። ፊቱ ሊረዝም ስለማይችል ግድግዳዎቹ ወደ መሐል ይጋደማሉ፤ ኪሱም ጠፍጣፋ ይሆናል። ስለዚህ ማጠናከሪያ የምናስገባበት አንድ ቦታ ብቻ ቢኖረን፣ በእኔ ግምት ሊቀድም የሚገባው የኪሱ ፊት ሳይሆን ከኪሱ ኋላ ያለው መሠረት ነው። በቦርሳው ፊትና በገበሩ መካከል የሚገባ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ሉህ ወይም ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር የሆነ ጠንካራ ስፖንጅ መሠረቱን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል።

ለፊቱ ማጠናከሪያ ካስፈለገ፣ ውኃ የማይመጥ፣ ተጭኖ ሲለቀቅ ወዲያው የሚመለስ ስፖንጅ ይመረጣል፤ ለምሳሌ ኢቪኤ በ2 ወይም በ3 ሚሊሜትር ውፍረት። ለትራስና ለፍራሽ የሚሆነው ለስላሳ ስፖንጅ ግን ኪሱን ያሳብጠዋል እንጂ አያቆመውም። ስፖንጁ ከስፌቱ መስመር በሁሉም ወገን 3 ሚሊሜትር ያህል አንሶ ይቆረጥ፤ ስፌቱ ውስጥ ከገባ ጥጎቹ ይወፍራሉ፣ መርፌውም ይስታል። ለጌጥ ተብሎ በፊቱ መሐል ከዳር እስከ ዳር የሚሰፋ መስመር ስፖንጁን ስለሚያሳሳው እንደ ማጠፊያ ይሆናል፤ ኪሱም በዚያ መስመር ይታጠፋል።

ስለ ጨርቁ አጠር አድርጎ መናገር ይቻላል። የክር ውፍረት የሚለካበት ዴኒየር የ9,000 ሜትር ክር ክብደት በግራም ነው፤ 500 ዴኒየር ኮርዱራ (በአብዛኛው ከናይሎን የሚሠራ ጠንካራ ጨርቅ) ለውጭ ኪስ ከበቂ በላይ ሲሆን፣ 1000 ዴኒየር ግን ጠንካራ ቢሆንም ጥጎቹን ለመገልበጥ ያስቸግራል። ከዴኒየሩ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የድርና የማጉ አቅጣጫ ነው። ጨርቅ በድሩም በማጉም አቅጣጫ ብዙም አይለጠጥም፤ በሰያፍ ሲሳብ ግን ይለጠጣል። በመሆኑም የፊቱ ቁመት ከድሩ ጋር፣ የግድግዳውም ርዝመት ከድሩ ወይም ከማጉ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ጨርቅ ለመቆጠብ ተብሎ አጋድሞ የተቆረጠ ግድግዳ ሲሰፋ ቢያምርም ከጊዜ በኋላ ይረግባል። ከጀልባ ሸራ አሠራር የመጡት፣ በመሐላቸው ስስ ፊልምና ሰያፍ ክሮች ያሉባቸው ተነባባሪ ጨርቆች ይህን መለጠጥ ይቋቋማሉ፤ ነገር ግን የመርፌ ቀዳዳ ስለማይደፈንባቸው ለማያያዣ ከስፒል ይልቅ ክሊፕ ይጠቀሙ።

ስፌቱ ራሱ አጥንት ሊሆን ይችላል። ፊቱና ግድግዳው የሚገናኙበትን ትርፍ 22 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ጠንካራ ጥብጣብ መሸፈን፣ ወይም በሁለቱ መካከል ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ገመድ በጨርቅ ጠቅልሎ ማስገባት፣ ዙሪያውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ጠርዝ ይፈጥራል። ከሁሉም የሚቀለው ደግሞ ኪሱን ከገለበጡ በኋላ ጠርዙን በጣት ቆንጥጦ ከዳር በ3 ሚሊሜትር ርቀት ላይ በላይ በኩል መስፋት ነው፤ ተጨማሪ ዕቃ አይጠይቅም፣ ለትንንሽ ኪሶችም በቂ ነው።

ቀድሞ የሚረግበው የኪሱ ክፍል አፉ ነው፤ እጅ በገባ ቁጥር የሚሳበው እሱ ነውና። አፉን ሁለት ጊዜ አጥፈው በውስጡ 20 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የማይለጠጥ ማሰሪያ ያስገቡ፤ የአፉም ሁለት ጫፎች ከቦርሳው ጋር በሚገናኙበት ቦታ ላይ ጥቅጥቅ ባለ ወዲያና ወዲህ ስፌት ይጠንክሩ። አፉ በዚፕ የሚዘጋ ከሆነ፣ ዚፑ ከጨርቁ ያነሰ ስለሚለጠጥ ራሱ እንደ ማጠናከሪያ ያገለግላል። በሚሰፋበት ጊዜ ግን ዚፑንም ሆነ ጨርቁን መሳብ አይገባም፤ ከሁለቱ አንዱ ተስቦ ከተሰፋ አፉ ይሞገዳል። ለኩርባ የሚሆነው ጥርሱ ከተጠመዘዘ ናይሎን የተሠራው ዚፕ ነው። ቁጥር 5 የሚባለው፣ ማለትም ሲዘጋ ጥርሱ ወደ 5 ሚሊሜትር የሚሰፋው፣ ለአብዛኛው የውጭ ኪስ ይበቃል። የዚፑ ጫፍ ቀጥ ባለው ጎን ላይ እንጂ በኩርባው መሐል ማለቅ የለበትም።

የጎን የጠርሙስ ኪስ ጥያቄው የተለየ ነው፤ ሲሞላ ክብ፣ ባዶ ሲሆን ጠፍጣፋ መሆን ይጠበቅበታል። የቦርሳው ጎን 12 ሴንቲሜትር ስፋት ቢኖረውና ጠርሙሱ 7.5 ሴንቲሜትር ዲያሜትር ቢሆን፣ ከአንዱ ዳር ተነሥቶ ጠርሙሱን አልፎ ሌላው ዳር የሚደርሰው ጨርቅ ቢያንስ 20.4 ሴንቲሜትር መሆን አለበት። ጠርሙሱ በቀላሉ እንዲገባና እንዲወጣ 22 ሴንቲሜትር ማድረግ ይሻላል፤ የስፌት ትርፉ ከዚህ ውጭ ነው። ከጎኑ ስፋት የሚተርፈው 10 ሴንቲሜትር ከታች በሁለቱ ዳሮች በኩል እኩል እጥፋት ሆኖ ይሰፋል፣ ከላይ ደግሞ በላስቲክ ይሰበሰባል። ላስቲኩ ሳይሳብ 12 ሴንቲሜትር፣ ሲሳብ ያለ ችግር 22 ሴንቲሜትር የሚደርስ መሆኑን በእጅዎ ስበው ያረጋግጡ። ሳይሳብ ከጎኑ ስፋት ያጠረ ላስቲክ የቦርሳውን ጎን ራሱን ያጨማድዳል፤ የረዘመው ደግሞ ጠርሙሱን አይዝም። ዝናብ የሚያገኘው ቦርሳ ከሆነ ከታች አንድ ትንሽ ማፍሰሻ ቀዳዳ በብረት ቀለበት ታጥሮ ይኑር።

የውጭ ኪስ ሁልጊዜ የሚሰፋው ቦርሳው ከመገጣጠሙ በፊት፣ የቦርሳው ፊት ገና ጠፍጣፋ ቁራጭ ሳለ ነው። የግድግዳውን የኋላ ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፈው በመሠረቱ ላይ በተሳለው መስመር ላይ ያስቀምጡት፤ በጥጎቹ ላይ የሚታጠፈው ትርፍ ስለሚደራረብ ትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ቆርጠው ያውጡለት፣ ከዚያም በ6 ሚሊሜትር ልዩነት ሁለት መስመር ይስፉ። ለዚህ ሥራ ከ100 እስከ 110 ቁጥር መርፌ፣ ጠንካራ የፖሊስተር ወይም የናይሎን ክርና የ3 ሚሊሜትር ስፌት ተስማሚ ናቸው።

ዋናው ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ኪሱን በርካሽ ጨርቅ መስፋትና መፈተን ያስፈልጋል። ፈተናው በባዶ ቦርሳ ላይ ከተደረገ ግን ምንም አያሳይም፤ መጀመሪያ ዋናውን ክፍል ይሙሉ፣ ከዚያ ኪሱን ይሙሉ፣ ቦርሳውንም በማንገቻው ሰቅለው ይመልከቱ። ግድግዳው በጥጎቹ ላይ በትናንሹ ከተሸበሸበ ርዝመቱ ተርፏል፤ ከጥጎቹ ወደ ፊቱ መሐል የሚሄዱ ሰያፍ መስመሮች ከታዩ ግን አጥሯል። ፊቱ ተወጥሮ ጎኖቹ ወደ መሐል ካጋደሉ መሠረቱ እየጎበጠ ነው። አፉ ብቻ ከተከፈተ የውስጡ ማሰሪያ ስፋት አንሶታል፣ ወይም ግድግዳው ወደ ላይ ሲወጣ በበቂ አልጠበበም። እርማቱን በካርቶን ቅዱ ላይ ካስገቡ በኋላ የስፌት መስመሩንና የተቆረጠውን ጠርዝ በሁለት የተለያዩ ቀለሞች ያስምሩ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ርዝመት ሲለካ ሁለቱ እንዳይምታቱ ይረዳል።